ትንሽ አሟታል

ወንድይፍራው ሆኖሉሉ የሄደው ለመዝናናት አልነበረም። ከእርቅ ሸሽቶ ነው።

ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ለአንድ አየር መንገድ ሻንጣ ይጭናል፣ ያወርዳል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የከፈለው መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ በነፃ የመብረር መብት አለው፤ ስታንድባይ ይሉታል። ወንበር ካለ ስምህ ይጠራል፤ ከሌለ ዕቃህን ታቅፈህ የሚቀጥለውን ትጠብቃለህ። ወንድይፍራው አራት ዓመት ሲሠራ ይህን መብቱን አንድም ቀን አልነካውም። የአገሩ ልጆች ሽማግሌ ጋሼ አሥራት ደውለው «እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት ትመጣለህ፤ ከእህትህ ጋር ትታረቃለህ፤ ቂም ይዛችሁ ገና አይገባባችሁም» ብለው ከቆረጡበት በኋላ ግን፣ ቅዳሜ ማለዳ የሥራ መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ካውንተሩ ጋ ሄዶ «ዛሬ ባዶውን የሚሄደው የቱ ነው?» ሲል ጠየቀ።

የፈረንጆቹ 1988 ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። አገር ምድሩ ከበዓል ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ ወደ ደሴት የሚሄድ አልነበረም። ሆኖሉሉ አሉት። ባልደረባው «መሄዱንስ ትሄዳለህ፤ መመለሻው ነው የሚያስቸግርህ» አለው። ወንድይፍራው መመለሻውን የሚያስብበት ቀን አልነበረም። ሄደ።

ከእህቱ ከዘቢደር ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ገና ዳዴ ይል ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ካድሬዎች ሲፈልጉት በእግር ይዛው ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባች እሷ፤ ቀድማ እዚህ ደርሳ ስፖንሰር ለምና ያስመጣችው እሷ። ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ ሰፈር የአገር ምግብ ቤት ሲከፈት ወጥ ቤት ገብታ እስከዛሬ አልወጣችም። ይህን ማንም አይክደውም፤ እሱም አይክድም። ታዲያ ይህችው እህቱ ናት የአባታቸውን ሞት ስምንት ወር የደበቀችው።

አባታቸው ደብረ ብርሃን ላይ ሲያርፉ መርዶው መጀመሪያ የደረሰው ለእሷ ነበር። ለጋሼ አሥራት ነገረቻቸው፤ እሳቸው ለሌሎች ሽማግሌዎች ነገሩ፤ ተሰብስበው መከሩ። ልጁ የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ አለበት፣ ልቡ ከተሰበረ መልስ ይጠፋበታል፣ እስኪያልፍ እንያዘው ተባባሉ። ቃለ መጠይቁ ከሚያዝያ ወደ ሰኔ፣ ከሰኔ ወደ ጥቅምት ተላለፈ። ውሸቱም አብሮ ተላለፈ። በዚያ መካከል ወንድይፍራው በሁለት ሳምንት ደሞዙ ለአባቱ ካፖርት ገዛና አገር ቤት ለምትሄድ ሴት ሰጣት። ሴትዮዋ ታውቃለች። ካፖርቱን ዘርግታ አየችና «ያምርባቸዋል» አለችው። አንድ ሌሊት ክፉ ሕልም አይቶ ዘቢደርን ቢጠይቃት በማርያም ምላ «ደህና ናቸው» አለችው። አብሮት የሚኖረውን ባለታክሲውን ጌታሁንን ቢጠይቀው «እናቴ ትሙት፣ ምንም የሰማሁት የለም» አለው።

ከዚያ አንድ ማለዳ ሃውቶርን ያለው አፓርታማው በር ተንኳኳ። ሲከፍት አርባ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረጃው ላይ ቆሟል። ያን ጊዜ አላለቀሰም። ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየ «ከዚህ ውስጥ እስከ ዛሬ ያላወቀ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ባህል ነው ይሉታል። ለሐዘንተኛው ልብ ታስቦ ነው ይሉታል። ወንድይፍራው ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ለማን ልብ? የሚራሩት ለራሳቸው ነው። ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ማየት ስለማይችሉ፣ ልቅሶውን እነሱ በተመቻቸው ቀን፣ በተመቻቸው ሰዓት፣ ዳቦና ሻይ ተሰናድቶ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ተመድቦ እንዲያለቅስላቸው ይፈልጋሉ። «የአባቴ ሞት የእኔ ነበር» ይል ነበር ምግብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደበ። «ስምንት ወር አርባ ሰው ሲከፋፈለው ለእኔ አልደረሰኝም።» ዘቢደር ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆማ ትሰማዋለች። ወጥታ አትመልስለትም። እሱም ቀና ብሎ አያያትም።

ያን ጊዜ ለራሱ የገባው ቃል አንድ ነው፦ ሁለተኛ ማንም አያታልለኝም።

ባልደረባው እንዳለው መመለሻው አስቸገረ። እሑድ ማለዳ የሆኖሉሉ ኤርፖርት ደርሶ ስሙን አስመዘገበ፤ ሦስት አውሮፕላን አለፈው። ሰኞም ሁለት አለፉት። ኤርፖርቱ እንደ ገበያ ይተራመሳል። ግድግዳ የሌለው በረንዳ ይበዛዋል፤ የባሕሩ ነፋስ በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ፀሐይ ያቃጠለው ቀይ ቱሪስት ሁሉ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ፣ እጀታ ባለው ካርቶን አናናስ አንጠልጥሎ፣ ባለአበባ ሸሚዙን ለብሶ ይንጋጋል። ሁሉም ትኬት አለው፤ ሁሉም የከፈለ ነው። ወንድይፍራው ሁለት ቀን ያልታጠበ ሸሚዙን እያሸተተ ከስታንድባይ ሰዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የአየር መንገዱ ወጥ ቤት ሠራተኛ የሆነ ሸምገል ያለ ፊሊፒናዊ አለ፤ እሱም ከእሑድ ጀምሮ እየጠበቀ ነው። በሰባት ሰዓቱ በረራ ሦስት ወይም አራት ወንበር ሊተርፍ ይችላል ተብለዋል። ከሁሉ ቀድሞ የተመዘገበው ወንድይፍራው ነው።

ጊዜው አምስት ሰዓት ሲሆን ለሥራ ኃላፊው መልእክት እንዲያደርስለት ጌታሁን ጋ ሊደውል ተነሣ። ጌታሁን በቀን ቤት አይገኝም፤ የሁሉም መልእክት የሚደርሰው ፌርፋክስ ምግብ ቤቱ ስልክ ላይ ነው። ሂሳቡን ተቀባዩ እንዲከፍል አድርጎ በኦፕሬተር በኩል ደወለ።

ያነሱት እትዬ ቦሰና ነበሩ፤ የዘቢደር የወጥ ቤት ባልደረባና የልብ ወዳጇ። እትዬ ቦሰና ስልክ ሲያነሱ «ማነው፣ ቶሎ በል፣ ወጥ ጥጃለሁ» ብለው ነው የሚጮሁት። ኮሌክት ኮል ሲሆንማ ባለቤቱን የሚያስከፍል ሌባ ብለው ይሳደባሉ።

«ወንድይ? አንተ ነህ?» አሉ። ድምፃቸው እንደ ጥጥ ለስልሷል። «ደህና ነህ፣ የኔ ጌታ? እህል ቀምሰሃል?»

ወንድይፍራው ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ጌታሁን አለ እንዴ፣ እትዬ?»

«አለ፣ አለ፣ የት ይሄዳል። ሁላችንም እዚሁ ነን።»

ሰኞ ቀን፣ የታክሲ ሥራ በሚደራበት ሰዓት፣ ሁላቸውም እዚያ ናቸው። ጆሮውን ወደ ስልኩ አጠበቀ። ከኋላ የወንበር ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጋሼ አሥራት ናቸው፤ ያንን ሳል ያውቀዋል። ሌላ ደግሞ አፍንጫውን ይስባል።

ጌታሁን ስልኩን ተቀበለ። «ወንድዬ። እንዴት ነው ደሴቱ? ስማ... ምን መሰለህ፣ ዘቢደርን ትንሽ አሟታል። ሆስፒታል ናት። ዛሬውኑ መምጣት ብትችል ጥሩ ነው።»

ፌርፋክስ ላይ «ትንሽ አሟታል» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። የወርቁ እናት ትንሽ አሟቸዋል ሲባል ከተቀበሩ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። የሸዋረጋ ባል ትንሽ አሞታል፣ ተሽሎታል፣ እንደገና ትንሽ አሞታል እየተባለ ሙት ዓመቱ ሊደርስ ነበር። እዚያ ሰፈር በእውነት የታመመ ሰው ካለ ታሟል አይባልም፤ «ደህና ነው» ነው የሚባለው።

«ሞታለች?» አለ ወንድይፍራው።

«ኧረ ተው። ምን ነካህ?»

«አንዲት ቃል ነው የጠየቅኩህ።»

«አልሞተችም። ትናንት ጋሼ አሥራት ቤት አንተን ስንጠብቅ፣ ተቀምጣ እያወራች ወደቀች። ልቧ ነው። አይሲዩ ናት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል።»

«ቅድም ትንሽ አሟታል አልከኝ።»

«ኦኬ፣ ትንሽ አይደለም። በጣም ነው። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«አሁንስ? እንዳልደነግጥ ብለህ ምን እያልከኝ ነው?»

ጌታሁን ዝም አለ። ወንድይፍራው ያንን ዝምታ አወቀው፤ ቀጥሎ የሚባለውን የሚፈልግ ሰው ዝምታ ነበር።

«ላናግራት። ሆስፒታሉ ጋ ሂድና ስልክ አቅርብላት።»

«አይሲዩ ውስጥ ስልክ የለም፣ ወንድዬ። ኦክሲጅን አድርገውላታል። ግን ታወራለች። ዓይኗን በገለጠች ቁጥር ወንድይ መጣ ወይ ነው የምትለው። ጧት እዚያው ነበርኩ።»

«ማነው ከኋላህ የሚያለቅሰው?»

«እትዬ ቦሰና ናቸው።»

«ላልሞተ ሰው?»

«ለታመመ ሰውስ አይለቀስም?»

«ማን ይሙት በል።»

«እናቴ ትሙት። በቁሟ እናቴን ልጣ።»

«ያኔም እናቴ ትሙት ብለኸኛል» አለ ወንድይፍራው። «እናትህ ዛሬም አሉ። ለእኔ ስትምልባቸው ነው ዕድሜያቸው የሚረዝመው መሰለኝ።»

«ያኔ ሌላ ነበር።»

«ድምፅህ ግን ያው ነው።»

ከወዲያ ጌታሁን በረዥሙ ተነፈሰ። ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ ነበር። «እሺ፣ እኔን አትመን። ቁጥር ልስጥህ። ሆስፒታሉ ራሱ ጋ ደውል፤ ሦስተኛ ፎቅ በል፤ ስሟን ንገራቸው። ፈረንጆቹ ምን በወጣቸው ይዋሹሃል? እስክሪብቶ አለህ?»

ወንድይፍራው ቁጥሩን በመዳፉ ላይ ጻፈ። ስልኩን ዘጋ።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ እውነት ንገሩኝ እያለ ጠረጴዛ የደበደበ ሰው፣ እውነቱ በመዳፉ ላይ ተጽፎለታል። ሳንቲምም ነበረው። ሳንቲሙን ከተተ፣ ቁጥሩን እያየ መደወል ጀመረ፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። በእንግሊዝኛ ሊነግሩት ነው። አንዲት የማያውቃት ነርስ ወረቀት እያገላበጠች፣ የስሙን ፊደል አስቆጥራ፣ «አዝናለሁ ጌታዬ» ልትለው ነው። ነጠላ ያዘቀዘቀ የለም፤ ደጋፊ የለም፤ አዝናለሁ ጌታዬ ብቻ። ጆሮው ውስጥ ሲሰማው ታወቀው። ስልኩን ሰቀለ። ሳንቲሙ ተመልሶ ከታች ወደቀ፤ አላነሣውም።

የማውቀውን ምን ይነግሩኛል ብሎ ለራሱ ተናገረ። ትናንት የወደቀች ትናንት ነው የሞተችው። ዛሬ ና የሚሉኝ ለቀብር ነው። ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመለት፦ የቦሰና ለስላሳ ድምፅ፣ የጋሼ አሥራት ሳል፣ በሥራ ሰዓት መሰብሰባቸው፣ አንዴ ትንሽ አንዴ በጣም መባሉ። እውነቱን ተናግረው ቢሆን ኖሮ እንኳ ከዚህ የተለየ ምን ሊመስል ይችል እንደነበር አላሰበም።

ወደ አግዳሚው ተመልሶ ተቀመጠ። ፊሊፒናዊው ሽማግሌ ብርቱካን ልጦ አካፈለው፤ ይዞት ቀረ። በሚሄደው በሚመጣው ሰው ላይ ዓይኑን ተክሎ ማታ የሚሆነውን ሁሉ በሐሳቡ አየው። ሁለት ሰዓት ላይ ሎስ አንጀለስ ይወርዳል። ጌታሁን በር ላይ ቆሞ ፈገግ ለማለት እየታገለ ይቀበለዋል። መኪና ውስጥ ስለ አየሩ ያወራለታል። ሆስፒታል እንሂድ ቢለው «አሁን የጠያቂ ሰዓት አልፏል፣ ነገ ጧት» ይለዋል። ሃውቶርን ወስዶ ያስተኛዋል። ሊነጋጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። ያው አርባ ሰው፣ ያው ደረጃ፣ ያው ነጠላ። እሱም በሩን ከፍቶ እንዳልሰማ ሰው መጮህ አለበት። ጮኸ፣ ወደቀ፣ ደግፉት፣ ውኃ ስጡት። ከዚያ ዳቦና ሻይ።

አላደርገውም አለ በልቡ። ሬሳ የትም አይሄድም። እህቴን ማንም ሳይመድብልኝ፣ ማንም ሳያየኝ፣ እዚሁ አለቅሳታለሁ። ከዚያ ነገ ዓይኔን አድርቄ ገብቼ እነሱን አፍጥጬ አያቸዋለሁ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የበሩ ሠራተኛ ማይክሮፎኑን አነሣች። ስሙን ጠራች። እንደ ሁልጊዜው ግማሹን ውጣ ግማሹን ሰባብራ ነው የጠራችው፤ የእሱ መሆኑ ግን ግልጽ ነው። ወንድይፍራው አልተነሣም። ሁለተኛ ጠራች። ፊሊፒናዊው በክርኑ ነካ አደረገው፤ «አንተ ነህ እኮ» አለው። ወንድይፍራው ሽማግሌውን አየው።

«አንተ ሂድ» አለው። «እኔ አልቸኩልም።»

ሦስተኛ ጠራች። ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ሰርዛ ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። ሽማግሌው ዕቃውን ሰብስቦ፣ ዞር ዞር ብሎ እያየው፣ ገባ። በሩ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ሲዞር፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲሮጥ በመስተዋቱ አየው። የሻንጣ ሠራተኛ ነውና ይህን ሁሉ ሺህ ጊዜ አይቷል። ተነሣ፣ ባሕሩ ላይ ዘመመ፣ ትንሽ ሆነ።

ያን ጊዜ ልቅሶው መጣ። ወደ በረንዳው ወጥቶ ምሰሶ ሥር ቁጭ እንዳለ መጣ። ድምፁን በሸሚዙ እጅጌ ሊያፍን ሞከረ፣ አልታፈነለትም። ሰው እየዞረ ያያል፤ ያልፋል። አንዲት አሮጊት ቱሪስት፣ ትከሻዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ሻንጣዋን አቁማ አጠገቡ ጎንበስ አለች።

«አይዞህ፣ ልጄ» አለችው። «እኔም ከዚህ ደሴት ስለይ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ። ትመለሳለህ። ሁሉም ይመለሳል።»

ከአንገቷ ላይ ካሉት ሦስት የአበባ ጉንጉኖች አንዱን አውልቃ አጠለቀችለትና ጉንጩን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ወንድይፍራው ለማውለቅ ጉልበት አጣ። እህቱ የሞተችበት ሰው፣ አንገቱ ላይ አበባ አጥልቆ፣ በዓለም የታወቀ መዝናኛ በር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ የሚያየው ሁሉ፣ ዕረፍቱ ያለቀበት ደስተኛ ሰው ይመስለዋል። ከዚህ የባሰ ውርደት ቢፈልጉለት አያገኙለትም።

በሕንፃዎቹ መካከል የመንገደኛ ማረፊያ አትክልት ቦታ አለ፤ ኩሬ፣ ድልድይ፣ በኩሬው ውስጥ ቀያይ ዓሣ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ወረደ። አበባውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አኖረው። ሰው ስላልነበረ በአፉ አወራት። ገዳሪፍ መንገድ ላይ እግሩ ቆስሎ አልሄድም ሲላት፣ እሷ ቁጭ ብላ «እንግዲያው እዚሁ እንሙት፣ እኔም ደክሞኛል» ብላው፣ እሱ ደንግጦ ተነሥቶ የሄደውን አነሣባት። ማታለልሽን ያኔ ነው የጀመርሽው አላት። ሳቀ፣ አለቀሰ። ከዚያ ሁለት ዓመት ከአፉ አልወጣ ያለው ነገር እዚያ፣ ለዓሣ ምግብ የሚበትኑ ሁለት ጃፓናውያን ከድልድዩ ላይ እያዩት፣ በቀላሉ ወጣ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ እታለም» አለ። «ሰምተሻል? ይቅር ብዬሻለሁ።»

ልቡ ቀለለው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ አግዳሚ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።

ማክሰኞ ማለዳ በመጀመሪያው በረራ ስሙ ተጠራ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሎስ አንጀለስ ወረደ። ጌታሁን በር ላይ ቆሟል። ፈገግ ለማለት አልታገለም። ፂሙን አልተላጨም፤ ብቻውን ነበር።

«አትድከም» አለው ወንድይፍራው ገና ሳይሳሳሙ። «አውቄዋለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ከትናንት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

ጌታሁን ግንባሩን ቋጠረ። «ከትናንት ቀን ጀምሮ ምኑን ነው የምታውቀው?»

«መሞቷን ነዋ።»

«ወንድዬ» አለ ጌታሁን በዝግታ። «ዘቢደር ያረፈችው ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው።»

ከአውሮፕላኑ የሚወርደው ሰው በግራና በቀኝ ያልፋቸዋል፤ የአናናስ ካርቶን የወንድይፍራውን ጉልበት ገጨው፤ ይቅርታ ጠየቁት። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥር ነበር። ሰባት ሰዓት የተነሣው ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው። ከኤርፖርቱ እስከ ሆስፒታሉ አርባ ደቂቃ። ሲበዛ አንድ ሰዓት። ሲቆጥር አንድ ሰዓት ተረፈው። እንደገና ቆጠረ፤ ያው ተረፈው።

«ትናንት በሁለት ሰዓቱ እዚሁ ቆሜ ነበር» አለ ጌታሁን። «ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። አንድ ሽማግሌ ፊሊፒኖ መጨረሻ ወረደ፣ በሩ ተዘጋ። ሄጄ ጠየቅኳቸው። ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልተገኘም አሉኝ። ውሸት ነው ብዬ ተጣላኋቸው፤ እሱ ስሙ ተጠርቶ አይቀርም አልኳቸው። ምን ሆነህ ነው?»

ወንድይፍራው ወደ መውጫው መራመድ ጀመረ።

በጌታሁን ታክሲ ሄዱ። ላ ሲዬነጋ የሚባለውን ጎዳና ይዘው ከመሬት ነዳጅ የሚያወጡትን ፓምፖች ካለፉ በኋላ ጌታሁን ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ተናገረ። «ሁለት ዓመት ውሸታሞች ስትለን ኖርክ። ኦኬ፣ ነበርን። እኔም ነበርኩ። አንድ ቀን እውነቱን ነገርንህ።»

«ያ ቀን የትኛው እንደሆነ በምን ልወቀው?» አለ ወንድይፍራው።

«ቁጥር ሰጥቼህ ነበር።»

መዳፉን ገልብጦ አየ። ቀለሙ በላብና በእንባ ደብዝዟል፤ ሦስት ቁጥሮች ግን አሁንም ይነበባሉ። ጭኑ ላይ ፈተገው።

የዘቢደር አፓርታማ ከፌርፋክስ አንድ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ደረጃው ላይ ወንዶች ቆመዋል፤ ውስጥ ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ለመርዶ የተሰለፈ የለም፤ በግራና በቀኝ ሊይዘው የተዘጋጀ የለም። አሁን ቢይዙት ይወድ ነበር። ጋሼ አሥራት ተነሥተው ትከሻውን ጨበጡና ተመልሰው ተቀመጡ። ሰዎቹ ለመንገድ ያህል ገለል አሉለት። ከፊታቸው ላይ ትናንት ለምን እንዳልመጣ የሚጠይቅ ነገር ፈለገ። ጥያቄው እንዳለ ያውቃል፤ ጌታሁን ከማታው ጀምሮ ነግሯቸዋል። አንዱም ፊት ላይ አላገኘውም። ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለዋል።

እትዬ ቦሰና ግድግዳውን ተደግፈው ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ሄዶ አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደው እስከ መጨረሻው ከአልጋዋ ያልተለዩ እሳቸው ናቸው፤ እጇን ይዘው የነበሩት እሳቸው ናቸው። ድምፁ ለራሱ እንኳ በማይሰማ መጠን ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ ማታ... ጠይቃኛለች?»

እትዬ ቦሰና ቀና ብለው በር ላይ የቆመውን ጌታሁንን አዩት። ጌታሁን ወደ ደረጃው ዞረ።

«አይ፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ቦሰና። «ከቀን ጀምሮ ራሷን አታውቅም ነበር። ማንንም አልጠየቀችም። አንተ ትናንት ብትደርስም አታውቅህም ነበር።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ወንድይፍራው ቀና ብሎ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ። እውነቱን ያላወቀ አልነበረም። ይህን ፊት ያውቀዋል፤ ሃውቶርን ደረጃ ላይ ቆሞ ያየው ፊት ነው። ያን ጊዜ እንደጠየቃቸው ይጠይቃቸው ዘንድ የሚጠብቁ ጥቂቶች ዓይናቸውን ከእሱ አሸሹ።

«ማንንም?» አለ።

«ማንንም። ተኝታ ነበር። እንደ ሕፃን ነው የተኛችው።»

ወንድይፍራው ራሱን በግድግዳው ላይ አስደገፈ። ሊያምናቸው ሞከረ። አልቻለም። እንደገና ሞከረ።

«ከዚያስ፣ እትዬ?» አለ።

እትዬ ቦሰና እንባቸውን ጠርገው፣ እጁን ይዘው፣ ያልሆነውን ሁሉ ይነግሩት ጀመር።